የብረት ምስክር፤ የአሮጌ ሞተር ብስክሌቶች ቁጥር ምን ይናገራል?

ሰው ስሙን ቢለውጥ መልኩን የሚያውቅ ጎረቤት አይታጣም። በቅሎ ብትሰረቅ ባለቤትዋ በገበያ መካከል በአረማመድዋና በጠባሳዋ ለይቶ ያወጣታል። ከፋብሪካ የሚወጣ ብረት ግን እንዲህ ያለ ዕድል የለውም። ባንድ ቅርጽ ፈስሶ፣ ባንድ ቀለም ተቀብቶ፣ ባንድ ልክ ተገጣጥሞ የሚወጣ ስለ ሆነ በሺህ የሚቆጠሩ መንትዮች አሉት። ከነዚህ ሁሉ መንትዮች መካከል አንዱን ነጥሎ «ይህ እርሱ ራሱ ነው» የሚያሰኘው በሰውነቱ ላይ የተመታው ቁጥር ነው።

ዛሬ በዚህ ዓምድ የምንጨዋወተው ስለዚሁ ቁጥር ነው፤ ይልቁንም ከአስፋልት መንገድ ውጭ በጭቃ፣ በአሸዋና በዳገት እንዲነዱ ስለ ተሠሩት የቀድሞ ሞተር ብስክሌቶች የሻንሲና የሞተር ቁጥር ነው። ነገሩ የጥቂት ሰዎች መዝናኛ መስሎ ሊታይ ይችላል። ጠለቅ ብለው ሲመለከቱት ግን ስለ ማስረጃ፣ ስለ ሐሰትና ስለ መዝገብ አያያዝ ብዙ የሚያስተምር ሆኖ ይገኛል። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ አስቀድሞ እንዲያውቅልን እንፈልጋለን።

ቀለም ሲያታልል

በ1963 የወጣውን «ዘ ግሬት ኤስኬፕ» የተባለውን ፊልም የተመለከተ ሰው አንድ ነገር አይረሳም። ከጀርመኖች የምርኮኞች ሰፈር ያመለጠው አሜሪካዊ መኰንን በሞተር ብስክሌት እየጋለበ የሽቦውን አጥር ሲዘል ይታያል። መኰንኑን ሆኖ የሚጫወተው ስቲቭ ማክዊን ሲሆን፣ ያን ዝላይ በርሱ ፈንታ የዘለለው ጓደኛው በድ ኤኪንስ ነበር። በታሪኩ ውስጥ ሞተር ብስክሌቱ የጀርመን ጦር ንብረት ነው። በእውነቱ ግን በእንግሊዝ አገር በሜሪደን ፋብሪካ የተሠራ ትራያምፍ ቲ.አር. 6 ትሮፊ ነው፤ የወታደር ቀለም ተቀብቶ ጀርመን መስሎ ቀረበ እንጂ። ተመልካቹን ሁሉ ያታለለው ቀለሙ ነው። በመሪው ሥር ጎንበስ ብሎ ቁጥሩን የሚያነብ ሰው ቢኖር ግን እውነቱን ባንድ ደቂቃ ባወቀ ነበር።

በፊልም ላይ እንዲህ ያለው ማታለል ደስ ያሰኛል እንጂ ማንንም አይጎዳም። በገበያ ላይ ሲሆን ግን ሌላ ነገር ነው። ያው ስቲቭ ማክዊን የነበረው 1971 ሞዴል የሆነ የስዊድን ሁስክቫርና 400 ክሮስ በ2011 በአሜሪካ አገር በሐራጅ ሲሸጥ ከ140 ሺህ ዶላር በላይ አወጣ። ከዚያው ፋብሪካ በዚያው ዘመን የወጣው መንትያ ወንድሙ የዚህን ዋጋ እጅግ ትንሽ ክፍል ያህል እንኳ ለማውጣት ይቸግረዋል። ብረቱ አንድ ነው፤ ሞተሩም አንድ ነው። ልዩነቱ ያለው በባለቤትነት ታሪኩ ነው፤ ያን ታሪክ ከዚህ ብረት ጋር እንጂ ከዚያኛው ጋር አይደለም ብሎ የሚያስረው ደግሞ ቁጥርና ወረቀት ነው። ገንዘብ ባለበት ዘንድ ደግሞ ሐሰተኛ አይጠፋም።

ከመንገድ ውጭ በሚነዱት ላይ ነገሩ ይብሳል። የከተማ ሞተር ብስክሌት ሰሌዳ ይለጠፍለታል፤ ግብር ይከፈልበታል፤ ስለዚህ በየመሥሪያ ቤቱ ስሙ ተጽፎ ይገኛል። ለውድድር ብቻ የተሠራው ግን በመኪና ተጭኖ ወደ ሜዳው ሄዶ፣ ተጋልቦ፣ በመኪና ተጭኖ ስለሚመለስ ብዙ ጊዜ ሰሌዳም የመንግሥት ወረቀትም አልነበረውም። ከዚህም በላይ ይወድቃል፣ ይሰበራል፣ ሞተሩ ዛሬ ከዚህ ሻንሲ ወጥቶ ነገ ወደዚያ ይገባል። ከኀምሳና ከስድሳ ዓመት በኋላ ይህን ብረት በእጁ ያገኘ ሰው የሚጠይቀው ሌላ ምስክር የለውም፤ ያለው የተመታው ቁጥር ብቻ ነው።

ሁለት ቁጥር በሁለት ቦታ

በአገራችን የመኪና ወይም የሞተር ብስክሌት ሊብሬ ይዞ የሚያውቅ ሰው የሻንሲ ቁጥርና የሞተር ቁጥር ለየብቻ ተጽፈው እንደሚገኙ ያውቃል። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። ሻንሲው የሞተር ብስክሌቱ አጥንት ነው፤ ሞተሩ ደግሞ ልቡ ነው። ልብ ሊለወጥ ይችላልና ሁለቱን ለይቶ መመዝገብ አስፈላጊ ሆነ።

የሻንሲው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው መሪው በሚዞርበት አንገት ላይ ነው። የሞተሩ ቁጥር ደግሞ በታችኛው የሞተር ቤት ላይ፣ ለዚሁ ተብሎ በተስተካከለች ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ይመታል። ለምሳሌ በትራያምፍ ላይ ቁጥሩ ከሲሊንደሩ ግርጌ በግራ በኩል ነው። ጭቃውንና ቅባቱን በቤንዚንና በለስላሳ ብሩሽ ማጽዳት ይገባል እንጂ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ አይገባም። ብዙ ሰዎች ቁጥሩን ለማንበብ ሲቸኩሉ ቁጥሩን ራሱን አጥፍተውታል።

ጀማሪ የሆነ ሰው ሁለቱን ቁጥሮች አንብቦ ወዲያው የሚጠይቀው «አንድ ናቸውን?» ብሎ ነው። አንድ ከሆኑ ደስ ይለዋል፤ ካልሆኑ ተታለልሁ ይላል። ነገር ግን ጥያቄው ያለ ጊዜው የመጣ ነው። አስቀድሞ መጠየቅ የሚገባው «ይህን የሠራው ፋብሪካ ልማዱ ምን ነበር?» ተብሎ ነው።

እያንዳንዱ ቤት የራሱ ልማድ አለው

ትራያምፍን እንውሰድ። ሞተሩና የማርሽ ሳጥኑ ባንድ ቤት የተሠሩለት 650 ሲ.ሲ. ትራያምፍ ከ1963 ሞዴል ጀምሮ ሲወጣ የሻንሲውና የሞተሩ ቁጥር አንድ ዐይነት ሆኖ ይመታ ነበር። እንግዲህ በዚህ ላይ ሁለቱ ቁጥሮች ቢለያዩ፣ ወይ ሞተሩ ወይ ሻንሲው ከሌላ የመጣ መሆኑ ግልጽ ነው።

ወደ እስፓኝ ብንሄድ ቡልታኮን እናገኛለን። በ1958 በባርሴሎና አጠገብ በፍራንሲስኮ ቡልቶ የተቋቋመው ይህ ፋብሪካ ሼርፓ ቲ በተባለው ሞተር ብስክሌት ስሙ ገነነ። በ1965 የሰሜን አየርላንዱ ሳሚ ሚለር በዚሁ ላይ ተቀምጦ፣ እስከዚያ ድረስ የእንግሊዞች ርስት መስሎ የኖረውን የስኮትላንድ የስድስት ቀን ውድድር አሸነፈ። በቡልታኮ ላይ ፊደሎቹ ራሳቸው ይናገራሉ፤ «ቢ» የሻንሲ፣ «ኤም» የሞተር ምልክት ናቸው፤ ሻንሲ በእስፓኝ ቋንቋ «ባስቲዶር» ይባላልና። ከፊደሉ ቀጥሎ ያሉት የመጀመሪያዎቹ አኃዞች የሞዴሉን ቁጥር፣ የቀሩት ተራውን ያመለክታሉ። ከፊደሉ በቀር የሻንሲውና የሞተሩ አኃዝ አንድ መሆን አለበት።

ወደ ጃፓን ስንሻገር ግን ሕጉ ተገለበጠ። ሆንዳ በ1973 ሞዴል ያወጣውና ስሙን ከካሊፎርኒያ የውድድር ከተማ የወሰደው ኤልሲኖር በሻንሲው ላይ «ሲ.አር. 250 ኤም»፣ በሞተሩ ላይ ደግሞ «ሲ.አር. 250 ኤም.ኢ.» የሚል ምልክት አለው። መጨረሻ ላይ የተጨመረችው «ኢ» የሞተር ምልክት ናት። ከዚያ በኋላ የሚከተሉት ተራ ቁጥሮች ግን እንዲመሳሰሉ ታስቦ የተመቱ አይደሉም። ሞተሩ ባንድ መስመር፣ ሻንሲው በሌላ መስመር እየተቈጠረ ስለሚሄድ በሆንዳ ላይ የቁጥር መለያየት የተፈጥሮ ነገር ነው። በትራያምፍ ሚዛን ሆንዳን የመዘነ ሰው ንጹሑን ሌባ ይለዋል ማለት ነው።

ከሁሉም ይልቅ ትዕግሥት የሚጠይቀው የቢ.ኤስ.ኤ. ጎልድ ስታር ነው። ስሙን ያገኘው በ1937 ጁን 30 ቀን ዎል ሃንድሊ የተባለው ተወዳዳሪ በብሩክላንድስ የውድድር ሜዳ በሰዓት ከ100 ማይል በላይ በሆነ ፍጥነት ዞሮ የወርቅ ኮከብ ስለ ተሸለመበት ነው። ከጦርነቱ በኋላ ይህ ሞተር ብስክሌት በመንገድም፣ ከመንገድ ውጭም ታላቅ ስም አተረፈ፤ በ1956 በካሊፎርኒያ አጠገብ ባለችው በካታሊና ደሴት ከተገኘው ድል በኋላ ለሜዳና ለዳገት የተሠራው ዐይነት በደሴቲቱ ስም «ካታሊና» ተባለ። የመጨረሻው ታላቅ የ500 ሲ.ሲ. ሞተር «ዲ.ቢ.ዲ. 34» የሚል ምልክት ሲኖረው፣ የሚቀመጥበት ሻንሲ ደግሞ «ሲ.ቢ. 32» ይላል። ፊደሉም አኃዙም አይገናኝም! የማያውቅ ሰው ሁለት የተለያዩ ሞተር ብስክሌቶች በግድ የተጋቡ ይመስለዋል። ነገር ግን ፋብሪካው ራሱ እንደዚያ አድርጎ ነው ያወጣው። የሁለቱን ጋብቻ የሚያረጋግጠው የፋብሪካው የመላኪያ መዝገብ ብቻ ነው።

ዓመቱ በሴፕቴምበር አካባቢ ሲለወጥ

ቁጥር ከባለቤትነት ሌላ ዘመንንም ይናገራል። የ650 ሲ.ሲ. ትራያምፍ ቁጥር በ1963 ሞዴል ከ«ዲ.ዩ. 101» ጀምሮ ሄደ። የ1966 ሞዴል ከ24875፣ የ1967ቱ ከ44394፣ የ1968ቱ ደግሞ ከ66246 ይጀምራል። ስለዚህ አንድ ሻጭ «የ1966 ነው» ብሎ ሲምል ቁጥሩ ኀምሳ ሺህ ገደማ ሆኖ ቢገኝ፣ መሐላውን ትተን ብረቱን ማመን ይሻላል።

ከ1969 ሞዴል ጀምሮ ትራያምፍና ከ1951 ጀምሮ ባለቤቱ የሆነው ቢ.ኤስ.ኤ. ሌላ ዘዴ አመጡ። ከቁጥሩ በፊት ሁለት ፊደሎች ይመታሉ፤ የመጀመሪያው ወሩን፣ ሁለተኛው የሞዴሉን ዓመት ያመለክታል። ወሮቹ ከጃንዋሪ ጀምሮ እስከ ዲሴምበር በቅደም ተከተል ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤች፣ ጄ፣ ኬ፣ ኤን፣ ፒ፣ ኤክስ ናቸው። ዓመቶቹ ደግሞ ሲ ለ1969፣ ዲ ለ1970፣ ኢ ለ1971፣ ጂ ለ1972፣ ኤች ለ1973 እያሉ ይቀጥላሉ። ኤፍ፣ አይ፣ ኤል፣ ኤም፣ ኦ ተዘለዋል፤ ስለዚህ በወሩ ቦታ ላይ «ኤፍ» ተመትቶ የተገኘ እንደ ሆነ ፋብሪካው አልመታውም።

እዚህ ላይ ፈረንጆቹን ራሳቸውን የሚያሳስት አንድ ነገር አለ። «ጄ.ዲ.» የሚል ምልክት ያየ ሰው «ጄ ኦገስት ነው፤ ዲ 1970 ነው፤ እንግዲህ በኦገስት 1970 ተሠራ» ይላል። ስሕተት ነው። ፋብሪካው የሚቈጥረው የሽያጭ ዓመቱን ነው፤ የሚቀጥለው ዓመት ሞዴል የሚጀመረው ከበጋ ዕረፍት በኋላ በኦገስት ነበር። ስለዚህ «ጄ.ዲ.» በኦገስት 1969 የተሠራ የ1970 ሞዴል ነው። ዓመት በጃንዋሪ እንጂ በሌላ ጊዜ አይለወጥም ብሎ ላደገ ሰው ይህ ያስቸግረዋል። ዘመን በመስከረም ሲለወጥ እያየ ላደገ ለእኛ አንባቢ ግን ለመረዳት የሚያዳግት አይመስለንም።

የኋለኞቹ ሞተር ብስክሌቶች ነገር ቀላል ነው። በአሜሪካ ከ1981 ሞዴል ጀምሮ እያንዳንዱ ተሽከርካሪ 17 ፊደልና አኃዝ ያለው ቁጥር እንዲኖረው ተደርጓል፤ አሥረኛው የሞዴሉን ዓመት ይናገራል። ከ1 እና ከዜሮ ጋር እንዳይምታቱም አይ፣ ኦ እና ኪው የተባሉት ፊደሎች እንዳይገቡበት ተከልክለዋል።

የሐሰተኛው እጅ

ሐሰተኛው የሚሠራው በሁለት መንገድ ነው። አንዳንዱ የቀድሞውን ቁጥር በሞረድ አጥፍቶ ወይም በብየዳ ሞልቶ ሌላ ይመታበታል። ሌላው ደግሞ ርካሹን ዐይነት ወስዶ የውዱን ስም ይሰጠዋል። ትራያምፍ ቲ.አር. 6 አር የመንገድ ሲሆን፣ ቲ.አር. 6 ሲ ግን የጢስ ቧንቧው ወደ ላይ ተነሥቶ ለበረሃና ለሜዳ የተዘጋጀ ነው፤ አጥንታቸው ግን ያው ነው። ስለዚህ አንዲት ፊደል የለወጠ ሰው ሌላ ሞተር ብስክሌት ሠራ ማለት ነው።

ይህን እንዴት ይደርሱበታል? በመጀመሪያ ቦታውን ማየት ነው። የሞረድ ፍንጣቂ፣ ከአካባቢው ዝቅ ያለ ወይም ከመጠን በላይ የለሰለሰ ገጽ ያጠራጥራል። ትራያምፍ በ1960ዎቹ መጨረሻ ገደማ ቁጥሩ የሚመታበትን ገጽ በጥቃቅን የፋብሪካ ምልክቶች መሙላት የጀመረው ሞራጁን ለማጋለጥ ነው፤ ቁጥሩ ሲሞረድ ምልክቶቹም አብረው ይጠፋሉና። ሁለተኛ የአኃዞቹን ቅርጽ ማስተያየት ነው። በአንድ ዘመን የወጡ የአንድ ፋብሪካ ብረቶች በተመሳሳይ ማኅተም የተመቱ ስለ ሆኑ የ3 ወገብና የ7 አንገት የራሱ መልክ አለው። ብዙዎቹ በእጅና በመዶሻ የተመቱ ስለ ሆኑም ትንሽ መንጋደድ ነውር አይደለም፤ እንዲያውም ከመጠን በላይ የተስተካከለው ነው የሚያጠያይቀው።

ሦስተኛ፣ ሐሰተኛው ያልደረሰባቸውን ቦታዎች መመርመር ነው። የእንግሊዝ ሞተሮች ቤት ግራና ቀኝ ሁለት ግማሽ ሆኖ ባንድነት ስለሚቈረጥ በብዙዎቹ ከሥር በኩል የተጣማጅ ቁጥር ይገኛል፤ ሁለቱ ካልተመሳሰሉ ሞተሩ ከሁለት ሞተሮች የተሰፋ ነው። ሉካስ የተባለው ኩባንያ ደግሞ በሚሠራቸው የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ላይ ወርና ዓመት ይመታ ነበር። የጎልድ ስታር እውነተኛ ሻንሲ በቀኝ በኩል ያለው የታችኛው ቧንቧ ለዘይት ፓምፑ ቦታ እንዲሰጥ ጎበጥ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ቁጥር መምታት ቀላል ነው፣ ቧንቧን እንደ ፋብሪካው አድርጎ ማጉበጥ ግን ቀላል አይደለም።

ይህ ሁሉ ባይበቃ ኬሚስቶች አሉ። ማኅተም ብረት ላይ ሲመታ የሚጎደጉደው ላዩን ብቻ አይደለም፤ ከሥሩ ያለውንም ብረት ይጨምቀዋል። ላዩ ተሞርዶ ቢጠፋ የሥሩ መጨመቅ ይቀራል። የወንጀል መርማሪዎች ቦታውን አለስልሰው ሃይድሮክሎሪክ አሲድና የመዳብ ክሎራይድ ያለበትን የፍራይ ፈሳሽ ይቀቡታል። የተጨመቀው ክፍል ካልተጨመቀው በተለየ ሁኔታ ስለሚበላ፣ የጠፋው ቁጥር እንደ ጥላ ሆኖ ብቅ ይላል። ይህ የሚሠራው ለብረት ሻንሲ ነው፤ ለአሉሚኒየም የሞተር ቤት ሌላ ውሕድ ያስፈልጋል። ሞራጁ እጅግ ጠልቆ ከሄደ ግን ኬሚስቱም የሚያገኘው የለም።

ይሁን እንጂ በችኰላ መፍረድ አይገባም። የሞተር ቤቱ በውድድር ላይ የተሰበረበት ሰው ቁጥር ያልተመታበት አዲስ ቤት ከፋብሪካ ገዝቶ የቀድሞውን ቁጥሩን ቢመታበት ወንጀል አልሠራም። ወንጀል የሚሆነው አዲሱን አሮጌ፣ የተጋባውን ድንግል ብሎ ሲሸጥ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ የማይገጥም ሞተር ብስክሌት ያለው ሰው ሊያደርገው የሚገባ ነገር አንድ ብቻ ነው፤ እንዳለ መተውና እውነቱን መናገር። ያ አለመግጠም ራሱ የብረቱ የሕይወት ታሪክ ነው። በ1960ዎቹ አንድ ቅዳሜ ማታ ጓደኛሞች ለነገው ውድድር እንዲደርስ ሞተር ለውጠው ይሆናል። አዲስ ቁጥር የሚመታበት ሰው ይህን ታሪክ ገድሎ በምትኩ የሌለ ታሪክ ይፈጥራል።

የመዝገብ ያዡ ብዕር

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ አንድ ነገር ይጎድለዋል። በብረት ላይ ያለው ቁጥር ግማሽ ምስክር ነው። ሌላው ግማሽ ያለው በመዝገብ ነው። ፋብሪካዎቹ እያንዳንዱ ሞተር ብስክሌት በር ሲወጣ የሻንሲውን ቁጥር፣ የሞተሩን ቁጥር፣ ዐይነቱን፣ የተላከበትን ቀንና የተላከለትን ነጋዴ የሚጽፍ ጸሐፊ ነበራቸው። ይህ ጸሐፊ በውድድር ሜዳ አልተጨበጨበለትም፤ ፎቶግራፉም በጋዜጣ አልወጣም። ዛሬ ግን የመጨረሻውን ፍርድ የሚሰጠው የርሱ የእጅ ጽሕፈት ነው።

መዝገብ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን የትራያምፍ ታሪክ ያስረዳል። በ1940 ኖቬምበር 14 ሌሊት የጀርመን አይሮፕላኖች የኮቨንትሪን ከተማ ሲደበድቡ በከተማው ውስጥ የነበረው የትራያምፍ ፋብሪካ ፈረሰ፤ ንድፎቹና የቴክኒክ መዛግብቱም አብረው ወደሙ። ማሽኖች ከፍርስራሹ እየተለቀሙ ወጡ፤ በ1942 በሜሪደን አዲስ ፋብሪካ ተከፈተ። ብረት በብረት ተተካ። የነደደ መዝገብ ግን በምን ይተካል?

ከጦርነቱ በኋላ የተጻፉት መዛግብት ዕድላቸው የተሻለ ሆነ። የቢ.ኤስ.ኤ. ሞተር ብስክሌት ሥራ በ1970ዎቹ አከተመ፤ የሜሪደንም ፋብሪካ በ1983 ተዘጋ። የመላኪያ መዛግብታቸው ግን ከቆሻሻ ጋር አልተጣለም። በ1946 በእንግሊዝ አገር የተቋቋመው ቪንቴጅ ሞተር ሳይክል ክለብ በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ የብዙ ፋብሪካዎችን መዝገብ ሰብስቦ ይዟል፤ የሁለቱም በዚያ ይገኛል። ባለቤቱ ቁጥሩን ይልካል፤ መዝገቡ ይገለጣል፤ ብረቱ በየትኛው ቀን ወደ የት እንደ ተላከ ይነገረዋል። የእንግሊዝ መንግሥት የተሽከርካሪ መሥሪያ ቤትም ከታወቁ ማኅበራት የሚሰጠውን የዘመን ማረጋገጫ በማስረጃነት ይቀበላል። ፋብሪካው ሞቶ፣ ሠራተኛው አርጅቶ፣ ጸሐፊው ተረስቶ፣ የጻፈው መስመር ግን እስከ ዛሬ ዳኛ ሆኖ ተቀምጧል።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት አባቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። የርስትና የጉልት ስጦታ በወንጌሉ ገጽ ላይ እንዲጻፍ ያደረጉት መጽሐፉ ተከብሮ ስለሚጠበቅ ነው። የሜሪደንና የበርሚንግሃም መዝገብ ወርቀ ዘቦ አልለበሰም፤ ሥራው ግን ያው ነው፤ የዚህን ሰው ንብረት ከዚያኛው ለይቶ ለልጅ ልጅ ማቆየት።

አዲስ ከትምህርት ቤት ወጥቶ በመዝገብ ክፍል የተመደበ ወጣት ብዙ ጊዜ ያዝናል። ጓደኞቹ ድልድይ ሲሠሩና ችሎት ሲቀመጡ እርሱ የሻንሲ ቁጥር በሣጥን በሣጥኑ ሲሞላ ይውላልና፣ ትምህርቴ ባከነ ይላል። ቢሆንም 3ን ከ8 ሳይለይ በችኰላ የጻፋት አንዲት መስመር ከብዙ ዓመት በኋላ አንድን እውነተኛ ባለንብረት ሌባ ልታስብል፣ አንድን ሌባ ደግሞ ባለንብረት ልታደርግ ትችላለች። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አንብቦ አንድ ጊዜ በጥንቃቄ የጻፈ እንደ ሆነ ግን፣ ስሙን የማያውቅ ሰው ባላሰበው ዘመን በርሱ መስመር ፍርድ ያገኛል። ሐሰተኛው ብረቱን ሊሞርድ ይችላል፤ በሌላ ቤት ተዘግቶ የተቀመጠውን መዝገብ ግን ሞረዱ አይደርስበትም።